የሐይቁ ሆቴል ሁለት ማድቤቶች

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ትዝታውን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሰሞን ሐይቅ ከተማ ስደርስ አሮጌው ሆቴል በር ላይ ያየሁት ሰሌዳ ነው። ቤቱን አንድ ፊታውራሪ እንዳሠሩት፣ በደርግ ተወርሶ ሆቴል እንደሆነ ተጽፏል። ስለ ሁለቱ ማድቤቶች ግን አንዲት ቃል የለም። ብግን አልኩ።

እኛ ወሎዎች እስላሙም ክርስቲያኑም አብረን እንውላለን፣ እንዋለዳለን፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም የራሱን እርድ ነው የሚበላው። ፊታውራሪውም እንግዳ ወዳድ ስለነበሩ ከቤቱ ጀርባ ሁለት ማድቤት አሠሩ። የእስላሙን አክስቴ ዘሃራ፣ የክርስቲያኑን እትዬ ተዋቡ ያዙ። ጨውና በርበሬ ይበዳደራሉ፤ ድስት ግን አይዋዋሱም። አክስቴ እዚያው ግቢ አድጋ ሌላ ቤት አታውቅም።

እኔም ቤቱ ሆቴል ከሆነ በኋላ አስተናጋጅ ሆኜ ገባሁ። ከአዲስ አበባ የተላከው ወጣት ሥራ አስኪያጅ የአክስቴን ማድቤት ዘግቶ የቢራ መጋዘን አደረገው።

“ጓድ ዘሃራ፣ አንድ ሕዝብ ነን፤ አንድ ምድጃ ይበቃናል!”

“አንድስ ነን፣ የኔ ጌታ። በጉ ሲታረድ ግን ቢስሚላሂ ይባልበት ወይስ በስመ አብ?”

“ሁለት በግ አሳርዳችሁ ባንድ ድስት ሥሩት!”

እትዬ ተዋቡ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

በመስከረም፣ የውጫሌ መንገድ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ የአምባሰል ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበሮች ለስብሰባ መጡ። ባንድ ድስት የተሠራው ወጥ ከሩቅ ያውዳል። ትሪውን ይዤ ዞርኩ። እስላሞቹ “አልሐምዱሊላህ፣ ጠግበናል” አሉኝ። ክርስቲያኖቹ “ጾም ላይ ነን።”

“በሐሙስ?”

“የስእለት ነው፣ የኔ ልጅ።”

ትሪው እንደሞላ ተመለሰ። እነሱ ሐይቁ ዳር ወርደው ዓሣ እየጠበሱ ይበሉ ጀመር። ዓሣ አራጅ አይጠየቅበትም።

ሥራ አስኪያጁ ነደደ። “ያሳደመቻቸው ዘሃራ ናት፤ ትውጣልኝ!” አለ። እየሮጥኩ ወደ ሐይቁ ወረድኩ።

“ኧረ እውነቱን ንገሩት! አክስቴ በናንተ ጦስ ልትባረር ነው!”

አንድ ሽማግሌ እሾህ ከጥርሳቸው እየነቀሉ፣ “ልጄ፣ የጋበዘን ሰው እንዴት በቤቱ እናሳፍረው?” አሉኝ። ሌሎቹም “እውነት ነው” እያሉ ዓሣቸውን ገለበጡ።

ለጋባዥ አዝኖ አብሳይዋን የሚያስባርር ምን ዓይነት ይሉኝታ ነው? ሰሌዳው ፊት ቆሜም ያንገበገበኝ ይኸው እውነቱን መሸሸግ ነው።

አክስቴ በማግስቱ ቢላዋዋን በጨርቅ ጠቅልላ ወጣች። መንገድ ዳር ቤት ተከራየች፤ ሁለት ምድጃ አበጅታ እትዬ ተዋቡን ጠራቻት። መጀመሪያ የመጡት ደንበኞች እነዚያው “ጠግበናል” እና “ጾም ላይ ነን” ያሉት ነበሩ። እጃቸውን አስታጥባ አበላቻቸው።