በእጅ የዞረች ኩባያ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዶርማችን ውስጥ መብራት ጠፋ። የዶርም ጓደኛዬ ከጠረጴዛዬ ላይ አንዲት የሸክላ ኩባያ አንስታ በመስኮቱ ብርሃን አገላበጠቻት።

«ይቺን ደግሞ ማነው እንዲህ አጣሞ የሠራት?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ኩባያዋ በአንድ ጎኗ ወፍራም፣ በሌላው ስስ ናት፤ ሲያስቀምጧት ሰው የጠራት ይመስል ወደ ግራ ዘንበል ትላለች።

የተሠራችው ባለፈው መስከረም፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ነው። እህቴ ገና ፈተናውን ሳንጨርስ ለእኔና ለጓደኛዬ ለፍሬወይኒ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ ስቱዲዮ የአንድ ቀን የሸክላ ትምህርት ከፍላልን ነበር። ከፍሬ ጋር አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ዶርም እያልን ነው ያደግነው። ውጤቱ ሲመጣ እኔ አለፍኩ፤ እሷ ጥቂት ነጥብ ጎደላትና ለአቅም ማሻሻያ ትምህርት ሐዋሳ ልትሄድ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ስልኬን አታነሳም ነበር። ስለ ሸክላው መልእክት ስልክላት ግን «እሺ» ብላ መለሰች።

ከሰፈራችን ከሳሊተ ምሕረት በታክሲ ስንሄድ ፍሬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መስከረም ቢጠባም ዝናቡ ገና አላቆመም ነበር። በጭጋጋማው መስታወት በኩል ሕንፃዎቹ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር፤ አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ መጥቶ ደመናው ውስጥ ጠፋ። ስንወርድ በቆሎ የምትጠብስ ሴትዮ አየሁ። እኔና ፍሬ ሁልጊዜ አንድ ገዝተን ለሁለት እንሰብር ነበር።

«እንግዛ?»

«አልራበኝም።»

ስቱዲዮው ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። አስተማሪያችን፣ ድምጿ ረጋ ያለ ወጣት ሴት፣ ሽርጥ አስታጥቃ በኤሌክትሪክ በሚዞሩት የሸክላ መሥሪያ መዘውሮች ፊት አስቀመጠችን። አስተማሪዋን ላስደስት ብዬ ጭቃውን በጫንኩት ቁጥር ይወላገዳል።

«አትጨቁኚው፣ የኔ ቆንጆ። እጅሽን አሳርፊና ጠብቂው» አለችኝ።

ፍሬ የራሷን ጭቃ አልነካችውም።

ድንገት መብራት ሄደ። መዘውሩ እንደሚያንቀላፋ ሰው ቀስ እያለ ቆመ። አስተማሪዋ፣ «ከፈለጋችሁ አንዳችሁ በእጅ አዙሩ፣ አንዳችሁ ሥሩ» አለች። ትንሽ ቆይታ ፍሬ ተነሳች፤ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ብላ መዘውሩን ትገፋ ጀመር።

«ቀስ በይ» አልኳት።

«አንቺ ቀስ በይ! ፈተና ላይ ያለሽ መሰለሽ?»

«እንዳይበላሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ይበላሽ። የኔም ተበላሽቶ ይኸው አለሁ።»

እጄ ቆመ። እሷ ግን ማዞሯን አልተወችም።

«ስልኬን ለምን አታነሺም?»

«‹አይዞሽ› እንዳትዪኝ ፈርቼ» አለች፣ ዓይኗን ከጭቃው ሳታነሳ። «ሁሉም ሰው አይዞሽ ይለኛል። አንቺም ካልሽኝ፣ በቃ የእውነት ወደቅኩ ማለት ነው።»

ያንኑ ቃል ከሳሊተ ምሕረት ጀምሮ ምላሴ ላይ ይዤው ነበር። ዋጥኩት።

«እንግዲያው ዝም ብለሽ አዙሪ፤ ክንድሽ ሰነፈ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። መዘውሩን መግፋቷንም ቀጠለች። ጣሪያውን የሚመታው ዝናብና የመዘውሩ ሹክሹክታ ብቻ ይሰማ ነበር። ጭቃው እጄ ውስጥ እንደሚተነፍስ ነገር ከፍ ዝቅ አለ። ፍሬ ሲደክማት «ተራሽ ነው!» ትለኝና ቦታ እንለዋወጣለን። እሷ ታወፍራለች፣ እኔ አሳሳለሁ፤ የኩባያዋ ጠማማነት የመጣው ከዚያ ነው። ስንመለስ ጥፍራችን ውስጥ ጭቃ እንዳለ አንድ በቆሎ ለሁለት ሰበርን።

ኩባያዋ ደርቃ በእሳት እስክትተኮስ ፍሬ ሐዋሳ ሄደች። «አንቺ ጋ ትቀመጥ፤ ስመጣ መጀመሪያ እኔ ነኝ የምጠጣባት» አለችኝ።

ስለዚህ ትናንት የዶርም ጓደኛዬ ልትጠጣባት ስትል ሌላ ኩባያ ሰጠኋት። ዛሬም ሰው ሲከፋው ለማጽናናት እቸኩላለሁ፤ ያን ጊዜ እጄን ማሳረፍ እንዳለብኝ ይቺ ጠማማ ታስታውሰኛለች። ወደ ቦታዋ ስመልሳት ስልኬ ነዘረ፤ የፍሬ መልእክት ነበር።

«እዚህ መብራት የለም። እናንተስ ጋ?»

«እኛም ጋ ጠፍቷል።»

«ታዲያ ማን ያዙር?»

አውራ ጣቷ ያረፈበትን ወፍራም ጎን ዳሰስኩና «ተራው የኔ ነው» ብዬ ጻፍኩላት።