ከሽማግሌው ንግግር የወጣው «ኤዬ»

«ጋሼ፣ ‹ኤዬ› የሚለው ቃል ስለተደጋገመ ከንግግሩ አውጥተነዋል።»

ልብ ወለዴን ወደ ፊልም የሚቀይረው ዳይሬክተር ዛሬ የላከልኝ መልእክት ነው።

በመጽሐፉ አንድ ሽማግሌ ስለ ሞት አራት ገጽ ሙሉ ይናገራል፤ ጎረቤቱ በኦሮምኛ «ኤዬ»፣ አዎ፣ እያለ ይቀበለዋል። ከሚሴ ውስጥ ረጅም ነገር የሚወራው እንዲህ ነው።

ደወልኩለት። «ብቻውን ኮረብታ ላይ ቢናገር ያምራል፤ ሙዚቃም እንጨምርበታለን» አለኝ። እኛ ዘንድ ብቻውን ለሚያወራ ሰው ዱዓ ይደረግለታል እንጂ ካሜራ አይደቀንበትም።

ንግግሩን ስጽፍ ጮክ ብዬ የማነበው ለባለቤቴ ነበር፤ ኤዬዎቹ የእሷ ናቸው። አላህ ይዘንላትና፣ ዛሬ ፊልም ሠሪዎቹ ኤዬውን ያወጡበትን ጽሑፍ ባዶ ቤት ውስጥ ሳነበው ገና ከመጀመሬ ድምፄ ቆመ።

እናንተስ ስታወሩ የሚቀበላችሁ አለ? ጻፉልኝ።

ዳይሬክተሩ ደግሞ ቃሉን ይመልስ አይመልስ እስከ መጪው ጁምዓ በጽሑፍ ያሳውቀኝ።