አሚን ያልገጠመበት ሳሎን

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይላሉ። እኔ ግን ቂሜን ይዤ ዱዓ ተቀምጫለሁ፤ ያውም ከፊት፣ ያውም እግሬን አጣጥፌ፣ ያውም ከሰው ሁሉ ቀድሜ «አሚን!» እያልኩ። የኔ ዱዓ ደግሞ ሰመረ። ተረት የሚያወጡ ሰዎች ይህንንም ይያዙልኝ።

ቂሜ ያረፈው በከተማችን በመካነ ሰላም የግንባታ ኮሚቴ ሊቀመንበር ላይ ነበር። የጭነት መኪኖች ባለቤት ነው። ሆዱ ከመኪኖቹ ቀድሞ ነው ገበያ የሚደርሰው። የበደለው ግን እኔን አይደለም፤ ጋሼን ነው።

ጋሼ የምላቸው ሰው አርክቴክት ናቸው። አገሩ «ኢንጂነሩ» ነው የሚላቸው፤ አርክቴክት የሚለው ቃል ለኛ ለወሎ ቦረና ጥርስ አልተመቸም። የቁርአን አስተማሪ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው የቁርአን አንቀጽ በሚጻፍበት ጣውላ፣ በሉሑ ላይ፣ በዚያው በጥላሸት ቀለም፣ ቤት ይስሉና አባታቸው ይይዟቸዋል። አለንጋ ሲጠብቁ አባትየው ሉሑን አገላብጠው አዩና «በሩ የታለ?» አሏቸው። ረስተውት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ቤት ሲስሉ የሚጀምሩት ከበሩ ነው። «ሰው ካልገባበት ምኑን ቤት ሆነ?» ይላሉ።

አዲስ አበባ ተማሩ፣ በረዶ ከሚዘንብበት አገር ሄደውም ተማሩ። ሲመለሱ ባለገንዘብ ሁሉ አምድና ቅስት በሚለምንበት ዘመን እሳቸው ጌጥ የሌለው፣ ቀጥ ያለ፣ ብርሃን እንደ ውሃ የሚፈስበት ቤት ያቆሙ ጀመር። ከዚያ መሥሪያ ቤቱም ከተማውም ሰለቻቸውና የመሳያ ሰሌዳቸውን ሲሚንቶ በጫነ መኪና ላይ አስረው አገራቸው ገቡ። የዚያን ጊዜው የአቀስታ መንገድ! በዚያ ጉዞ ሳይሰበር መካነ ሰላም የደረሰ ነገር ቢኖር ያች ሰሌዳ ብቻ ናት። የሹፌሩ ወገብ እስከ ዛሬ አልገጠመም።

እኔ ያን ጊዜ በድራፍቲንግ፣ በቤት ፕላን መሳል፣ ተመርቄ ሥራ ፈት ነበርኩ። ቀጠሩኝ። የአገር ሽማግሌዎች ከገበያው ራስጌ መሬት ሰጥተው አዳራሽ እንዲሠሩላቸው ጠይቀዋቸው ነበር። እሳቸው ግን እርሳስ አላነሱም። ወዳጃ እየዞሩ ይቀመጡ ጀመር። ወዳጃ የኛ አገር ዱዓ ነው፤ እስላም ክርስቲያን ሳይባል ተሰብስበን አንዱ ሲመርቅ ሌላው «አሚን» የምንልበት። ጋሼ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። እኔም ጫቴን እየቀጨምኩ አዳምጣለሁ። ደመወዝ እየተከፈለው ወዳጃ የተቀመጠ ሰው በወሎ ምድር የመጀመሪያው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

«ምን ሰማህ?» ይሉኛል ስንወጣ።

«ምርቃት።»

«እሱንማ ደንቆሮም ይሰማል። አሚኑ አንድ ላይ ገጠመ ወይስ ተበታተነ?»

የአዳራሹም ምስጢር ይኸው ነው፤ አሚኑ እንዲገጥም። ግድግዳውን ከጥቁር ድንጋይ፣ ሳይለሰን፣ እንደ ሸካራነቱ ተዉት። ትይዩ የሆኑ ግድግዳዎች የሉትም፤ ወደ መራቂው ጠበብ፣ ወደ ሰዉ ሰፋ ይላል። ኮርኒሱ ዝቅ ያለ የባሕር ዛፍ ርብራብ ነው። «ድምፅ እንደ በቅሎ ነው፤ ልስልስ ላይ ይንሸራተታል፣ ሸካራ ላይ ይረግጣል» ይሉኝ ነበር። ከላይ ጣሪያው ጠፍጣፋ ቤቶን ነው፤ በዚያ ዘመን በከተማችን እንደዚያ ያለ ያየ የለም። ገበያተኛው እየቆመ፣

«ምነው፣ ኢንጂነሩ ክዳኑን ረሱት እንዴ?»

«ኧረ ዝናቡ ሲመጣ ትዝ ይላቸዋል!» ይባባል ነበር።

ዝናቡ መጣ። ጠብታ አልገባም። በዚያ ክረምት ያላፈሰሰ ጣሪያ በቦረና እሱ ብቻ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩ።

ዓመታት አለፉና ያ ሊቀመንበር ተሾመ። አንድ ቀን እዚያው አዳራሽ ውስጥ የልማት ስብሰባ ጠራ። ጋሼ ያን ቀን ከፊት ተቀምጠዋል። ማይኩን ያዘና፣

«ይህንን በረት የሠሩት ሰውዬ እዚህ አሉ» አለ። «እንደው ይንገሩን፣ ከብቶቹ መቼ ነው የሚገቡት?»

ሰው ሳቀ። ሳቁ በዚያ በተረገመ ጥሩ አዳራሽ ውስጥ አንድም ሳይቀር ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ለማንኛውም ከኋላ ይቀመጡ አባባ፣ የፊቱ የእንግዳ ነው።»

ጋሼ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡና ከመጨረሻው ረድፍ ተቀመጡ። በሳምንቱ ደግሞ ስማቸው የተቀረጸበት ድንጋይ «ለእድሳት» ተብሎ ከአዳራሹ በር ተነቀለ። የት እንደገባ ያወቅሁት ሊቀመንበሩ ቤት ተጠርቼ የሄድኩ ዕለት ነው። ከግቢው ቧንቧ ሥር ተጋድሞ ልብስ ይታጠብበታል። የሰውየው ካልሲ በጋሼ ስም ላይ ሲፈተግ በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

«ወላሂ!» አልኩ በሆዴ። እናቴ ክርስቲያን ስለነበረች «በማርያም!»ንም ጨመርኩበት። እንዲህ ላለው ቂም አንድ መሐላ አይበቃም።

የጠራኝ ቤት እንድስልለት ነበር። አዲስ ቤት፣ ከአዳራሹ ፊት ለፊት፣ መንገድ ተሻግሮ።

«ሳሎኑ የቦረናን ሽማግሌ በሙሉ መያዝ አለበት» አለኝ።

«ምነው፣ ሊያገቡ ነው?»

«አትቀልድ! ቤቱ ሲመረቅ አብልቼ አጠጥቼ፣ ያችን በረት የማፈርስበትን ቃል ነው የምቀበላቸው። መሬቱን የሰጡ እነሱ ናቸው። እነሱ ካልመረቁልኝ ዶዘር ማስገባት አልችልም። ቦታው ላይ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ፎቅ ነው የማቆምበት።»

አዳራሹ የጋሼ የመጨረሻ ሥራቸው ነው። ልጅ የላቸውም፣ ሚስታቸው ሞተዋል፤ ጠዋት ጠዋት ከአዳራሹ በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁት ድንጋዩ ስለሚሞቅ ብቻ አይደለም። እሱ ፈረሰ ማለት እሳቸው በቁም ተቀበሩ ማለት ነው።

ልለምነው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና አፌን መልሼ ዘጋሁት።

«ወለሉ ምን ይሁንልዎ?» አልኩት።

«የሚያንሸራትት ሴራሚክ። ፊቴን የማይበት።»

«እሱማ የግድ ነው! ግድግዳውስ?»

«እሱም ሴራሚክ።»

«ጎበዝ! እስከ ላይ ድረስ እናድርገው። ኮርኒሱስ?»

«ከፍ ይበል። እንደ ትልቅ ሆቴል።»

«ሁለት ፎቅ ያህል ከፍ እናድርገው። ወደ መንገዱ ደግሞ ጠቅላላ መስታወት። መጋረጃ?»

«መጋረጃ ለምን ተብሎ! ሰው አይቶ ይቃጠል እንጂ!»

«አቤት ጭንቅላት!» አልኩት። ከልቤ ነው። ሰው የገዛ መቃብሩን በእንዲህ ያለ ጥበብ ሲቆፍር አይቼ አላውቅም። እኔ አካፋውን ብቻ ነው ያቀበልኩት። ለስለስ ያለ ነገር በጠየቀ ቁጥር «ይጨመርበት!» እያልኩ ሳልኩለት። ጋሼ ያስተማሩኝን ሁሉ አንድ በአንድ ገልብጬ ተጠቀምኩበት።

የምረቃው ቀን ከተማው ግልብጥ ብሎ መጣ። ከአቀስታ የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ከኩታበር የመጣ የሊቀመንበሩ ሚስት ዘመድ ነበር። ጋሼ ብቻ አልተጠሩም። በሬ ተጥሏል፣ ጫት በየፊቱ ተዘርግቷል። ከበሉ ከጠጡ በኋላ በዕድሜ የከበሩት ሼህ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«አሏህ ያግራላችሁ!»

ቤቱ ወዲያው ተቀበላቸው። ላችሁ፣ ላችሁ፣ ላችሁ እያለ እስከ ኮርኒሱ ወጣና መስታወቱን ገጭቶ ተመለሰ። ፊት ያሉት «አሚን» ሲሉ ኋላ ያሉት ገና ምርቃቱን እየጠበቁ ነው። የኋለኞቹ «አሚን» ሲሉ ሼሁ ሁለተኛውን ጀምረዋል። አሚኖቹ በጠባብ መንገድ ላይ እንደተገናኙ ሚኒባሶች አየሩ ላይ ይጋጩ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ሲያስነጥሱ ሳሎኑ መልሶ መላልሶ ስላስነጠሰ ሰው ሁሉ «ይማርዎ» ማለቱን መቼ እንደሚያቆም ጠፋው።

ሼሁ እንደገና ሞከሩ። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ የባሰ ሆነ። ዝቅ አደረጉ፤ ሰው በጫጫታ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ሲል ቤቱም «አሉ፣ አሉ» አለ። በመጨረሻ መዳፋቸውን አጠፉት።

«አሚኑ አልገጠመም» አሉ። «አሚን ያልገጠመበት ዱዓ አይያዝም። እኔ በዚህ ቤት አልመርቅም።»

ሊቀመንበሩ ሴራሚኩን መሰለ። «ኧረ አባቴ፣ እንደምንም...»

«እንደምንም ተብሎ ይመረቃል እንዴ? ቅርብ የምንሰማማበት ቦታ የለም?»

ከበሩ በኩል አንዲት አሮጊት፣ አሏህ ዕድሜያቸውን ያርዝመውና፣ «ፊት ለፊታችሁ ያለው አዳራሽ ምን ሆነና ነው!» አሉ።

ምንጣፉ ተጠቀለለ። ከተማው በሙሉ ሊቀመንበሩን እየመራ መንገድ ተሻገረ። ጋሼ እንደ ወትሯቸው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሰዉን ሲያዩ ተነሡ። ሼሁ ቆሙና ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ።

«ቤት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይገባም። ሂድ አስፈቅድ።»

«አዳራሹ እኮ የሕዝብ...»

«አስፈቅድ አልኩህ!»

አቤት ያች ቅጽበት! ዕድሜዬን ሁሉ አጥፌ እንደ ነጠላ እዚያች ላይ አንጥፌላት ነበር። ያ ሆድ በጋሼ ፊት ሲጎነበስ እስከ ማዶው ተራራ ጥላው ደረሰ።

«ጋሼ... ለዱዓ ነበር... እንዲፈቅዱልን...»

ጋሼ ረጋ ብለው አዩት። አልተቆጡም፤ እኔ ብሆን ጉልበቱ እስኪላጥ አንበርክኬው ነበር።

«ግቡ» አሉ። ሊያልፍ ሲል ግን ክንዱን ያዝ አደረጉት። «አንተ ከኋላ ተቀመጥ። ከዚያም ይሰማል።»

ተቀመጠ። እዚያችው እሳቸውን ያስቀመጠባት ቦታ። ሼሁ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ አጠገባቸው ያለ ሰው እንደሚያናግሩ ሆነው መረቁ። «አሚን» ከአንድ ደረት እንደወጣ ሆኖ ተመለሰ። ሕፃን፣ አዝመራ፣ ዝናብ፣ ሰላም፤ ሁሉም በየተራው ገጠመ። ከዚያ ሼሁ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና፣

«ይህንን ቤት ያቆመውን ዕድሜ ይስጥልን። ቤቱንም የሚያፈርስ እጅ አይዘርጋበት!» አሉ።

«አሚን!»

ከኋላ በኩል አንዲት ቀጭን፣ የተጨነቀች፣ ዘግየት ያለች «አሚን» መጣች። ሹክሹክታ ናት። ግን የጋሼ አዳራሽ ነውና ሹክሹክታውን አንድም ሰው ሳይቀር ሰማው። ሼሁ ፈገግ ብለው «ተያዘ» አሉ። ዶዘር ይቅርና አካፋ ይዞ እዚያ የሚጠጋ ከዚያ ወዲህ የለም።

ሰው ሲበተን ጋሼ ጠሩኝ።

«ያንን ሳሎን የሳልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«አስቀያሚ ሥራ ነው። ሂድና አስተካክልለት።»

«ጋሼ! ካልሲውን እኮ በስምዎ ላይ...»

«ሰውየው እዚያ ይኖርበታል። ልጆቹን ሲያነጋግር ሊሰሙት ይገባል። አስተካክልለት።»

የጋሼን ቃል አላጥፍም። በማግስቱ ሄድኩ። ሳሎኑ መሐል ቆሜ አጨበጨብኩ፣ ጆሮዬን ወደ ግድግዳው፣ ቀጥሎ ወደ ጓሮ አቀናሁ፣ ግንባሬን ቋጠርኩ።

«አገኘሁት» አልኩት። «ድምፁን የሚመልሰው ያ ቧንቧ ሥር ያለው ድንጋይ ነው።»

«የማጠቢያው?»

«እሱ። በቦታው ያልተቀመጠ ድንጋይ ቤት ይረብሻል፤ ሳይንስ ነው። ወደ ነበረበት መመለስ አለበት።»

በዚያው ቀን ተሸካሚ ቀጥሮ፣ ራሱም ከፊት ሆኖ መንገድ እያስለቀቀ፣ ድንጋዩን አዳራሹ በር ላይ አስተከለው። ሳሙና ስለጠገበ ስሙ ከድሮው ይልቅ ያበራል።

ሳሎኑ አሁንም ያስተጋባል። ሰውየው መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ኧረ እባክህ፣ ሚስቴ አንድ ጊዜ ስትቆጣኝ አሥር ጊዜ ነው የምሰማው» ይለኛል። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ እንደሚበቃው አውቃለሁ።

«እያጠናሁት ነው» እለዋለሁ።