ባሏን መጠጥ ያስተወችው ሴት

ይህን ለነፍስ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የሻርኩትን ጾም ሁሉ እዘረዝርና ይህቺን አንዷን እዘላታለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገር ነው። ድፍረቱ የመጣልኝ ስለማታውቁኝ ይሆናል።

ባሌን ደምሴን ሰካራም ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም። ደምሴ ከሸጎሌ የሚነሣ ታክሲ ሾፌር ነው። ጠላ እንኳ ሲቀምስ አይቼው አላውቅም። ሱሱ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ነው።

አንድ ሰሞን ድካም ድካም ሲለው ጳውሎስ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ይዤው ሄድኩና አልትራሳውንድ ታየ። ሐኪሙ «ጉበትዎ ላይ ስብ አለ» አለውና «መጠጥ ይወስዳሉ?» ብሎ ጠየቀው። ደምሴ «ኧረ አልጠጣም» አለ። እኔ ጥያቄውን ሰማሁ እንጂ መልሱን አልሰማሁም። አባቴ አረቄ ሲጠጣ ኖሮ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነው የሞተው። ለእኔ የጉበት በሽታ ማለት አረቄ ነበር። ሐኪሙ የቀረውን ሲያስረዳ እኔ ባሌ ተደብቆ የት እንደሚጠጣ እያሰላሁ ነበር።

ከዚያ አፉን አሸተትኩ። የታክሲውን ወንበር ሥር ፈተሽኩ። ምንም ሳጣ፣ ማጣቴን ራሱን የተንኮሉ ማስረጃ አደረግኩበት። እንዲህ ያለ ዳኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለእህቴ ነገርኳት፤ እህቴ ጆሮ የገባ ነገር ደግሞ እድር ደርሶ ነው የሚያድረው። በመጨረሻ እንጦጦ ወጥተህ ጠበል ካልተጠመቅህ አንድ ጣራ ሥር አንኖርም አልኩት።

ወጣ። መጠጥ ለመተው ከመጡት ሰዎች ጋር ተሰልፎ፣ በዚያ ብርድ ከወገቡ በላይ ተራቁቶ ተጠመቀ። ሲመለስ አንድ ነገር ብቻ አለኝ፦ «አንቺ እንቅልፍ ካገኘሽ እኔ ሰካራም ልሁን።» ይህንን እንኳ ጥፋቱን እንደ ማመን ቆጠርኩበት።

ሰፈራችን ጉለሌ አከበረኝ። ባሏን መጠጥ ያስተወች ተባልኩ። ባሎቻቸው የሚጠጡባቸው ሴቶች ምክር ፍለጋ ቤቴ ይመጡ ነበር፤ እኔም እግሬን አጣጥፌ እመክራቸው ነበር። ሲያመሰግኑኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?

ከዓመታት በኋላ ጎኔን ሲወጋኝ፣ የሐሞት ጠጠር እንዳይሆን ተብሎ እኔም እዚያው ክሊኒክ የአልትራሳውንድ አልጋ ላይ ተኛሁ። ወጣቷ ሐኪም «ሐሞትዎ ደህና ነው። ጉበትዎ ላይ ግን ስብ አለ» አለችኝ።

«ኧረ ልጄ፣ እኔ መጠጥ በአፌ ዞሮም አያውቅ» አልኳት።

«ባይጠጡም ይመጣል፣ እናቴ። ቁጭ ብሎ መዋል፣ ጣፋጭ ማብዛት፣ ውፍረት፣ ስኳር በሽታ ያመጡታል። ለሌላ ነገር መጥተው የምናገኝባቸው ስንት ሰዎች አሉ መሰለዎት። ስለማያም አብዛኞቹ እንዳለባቸው አያውቁም። በጣም የተለመደ ነው።»

የተለመደ። ለሌላ ሰው ማጽናኛ የምትሆነው ቃል እኔን አንገቴን አስደፋችኝ። እሱ መሪ ይዞ ቁጭ፣ እኔ የስፌት መኪና ላይ ቁጭ፤ አንድ ዓይነት ሻይ፣ አንድ ዓይነት ጉበት። እንዲያም ሆኖ አንዳችን ጻድቅ፣ አንዳችን ሰካራም ተብለን ኖርን።

ደምሴ ውጪ ይጠብቀኝ ነበር። ሳየው ከመቀመጫው ተነሣ። «ምን አሉሽ?»

«ጨጓራ ነው» አልኩት።

«ተመስገን» አለና ቦርሳዬን ተቀበለኝ።

የመጀመሪያውን ባለማወቅ አደረግኩት እንበል። ይህኛውንስ? አውቄ ነው። ክብሬን ወደድኩ። ከእሱ የገፈፍኩትን መልካም ስም ለብሼ መኖር ለመደብኝ።

ባለፈው ወር እድራችን ሰብሳቢ ሲመርጥ አንዱ ደምሴን ጠቆመ። ሌላው «ደግ ሰው ነው፤ ግን መልሶ ቢጀምርስ?» አለ። በክፋት አልነበረም። ደምሴ መሬት መሬቱን አየ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ነበርኩ፤ አፍም ምላስም ነበረኝ። እዚያ ከተቀመጡት ባለ ቦርጮች ስንቱ ያንኑ ስብ ይዞ እንደሚፈርድበት እያሰብኩ፣ እኔ ራሴ ይዤው እንደተቀመጥኩ እያወቅኩ፣ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ሌላ ሰው ተመረጠ። ቤት ስንገባ ደምሴ «ሰውየው ጎበዝ ነው፣ ይሠራዋል» አለኝ። ከዚያ ውሃ ጠየቀኝና ጠጥቶ ተኛ።

የፊታችን እሑድ እድሩ ይሰበሰባል። ቆሜ እናገራለሁ፤ የእሱንም ጉበት፣ የእኔንም ጉበት፣ ውሸቴንም። መጀመሪያ ለባልሽ አትነግሪም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ደምሴን ስለማውቀው ነው የማልነግረው። ሳልጨርስ ይቅር ይለኛል። «ተይው፣ አልፏል፣ ሰው ፊት አትዋረጂ» ይለኛል። ራሴንም አውቃታለሁ፤ እሺ ብዬ እተወዋለሁ። ስሙን ያጠፋሁት ግን ሰው ፊት ነው።

ስለዚህ እናንተም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» እንዳትሉኝ። ቢያንስ እሑድ እስኪያልፍ ድረስ።