አባቴ ግራኝ አልነበረም

የሥራ ባልደረባዬን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ዓይናማዋ» ይላታል። መነጽሯ የጠርሙስ ቂጥ ስለሚያክል፣ ስሙን መጀመሪያ ያወጣላት ሰው ሊያሾፍባት ፈልጎ ነበር። ሹፈቱ ግን እውነት ሆኖ አረፈው። አቧራ ሲጠጣ የኖረ ፎቶግራፍ ይመጣላታል፤ ቦታ አልተጻፈበት፣ ዓመት አልተጻፈበት። አንድ ቤት፣ አንድ የድንጋይ አጥር፣ ከፊት በረድፍ የተተከለ ወይን፣ ከኋላ ኮረብታ፣ በቃ። ያ የወይን እርሻ የትኛው እንደነበረ የምትናገረው እሷ ናት።

በእኛ ሸለቆ ድሮ ወይን ያልተከለ ሰው አልነበረም ይባላል። ዛሬ ግማሹ ግቢ ፈርሷል፣ ግማሹ በባለቤት ላይ ባለቤት ተፈራርቆበት ስሙ ጠፍቷል። ወራሾች የአያታቸውን ፎቶ ታቅፈው ወደ ቤተ መዛግብታችን ይመጣሉ፤ «ይሄ የማን ነበር?» ይላሉ። ዓይናማዋ ጣሪያውን አታይም፣ ጣሪያ ይቀየራል። ዛፉንም አታይም፣ ዛፍ ይቆረጣል። የምታየው የኮረብታውን ጀርባ ነው። «ቤት ይዋሻል፣ ኮረብታ አይዋሽም» ትላለች።

እኔ የማሽኑ ሰው ነኝ። የድሮ የመስታወት ኔጋቲቮችን አጽድቼ ስካነር ላይ አስተኛለሁ፤ እሷ ከጀርባዬ ቆማ ትነዘንዘኛለች። «ፊቱ በየት በኩል ነው? ገልብጠህ እንዳታስተኛው አንተ!» መስታወት በሁለቱም በኩል ስለሚያሳይ ተገልብጦ ከተኛ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ይወጣል። አንድ ጊዜ እንዲያ አድርጌ የአንዱን እርሻ ለጎረቤቱ ልንሰጥ ለጥቂት ነው የተረፍነው። ከዚያ ወዲህ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ጠዋት ማታ ትደግምልኛለች። ሰው ቢያስነጥስ እንኳ ለምን አስነጠሰ ብላ የምትጠረጥር ሴት ናት።

ታዲያ ይህች ሴት አንድ ፎቶ አቅቷት ነበር፤ የራሷ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው። ፎቶው ላይ ያሉት ያባቷ አባት ናቸው፤ ወይን መሀል ቆመው፣ በግራ እጃቸው የመግረዣ መቀስ ይዘው፣ ፎቶ አንሺውን ገንዘብ የተበደራቸው ይመስል አፍጥጠው ያዩታል። ሰውየው ሚስትና ልጃቸውን ይዘው ከእርሻ እርሻ እየዞሩ በቅጥር ወይን የሚገርዙ ነበሩ፤ ልጃቸው፣ ማለትም የባልደረባዬ አባት፣ ገና ትንሽ ሳሉ ሰውየው ሞቱ፤ ባለቤታቸውም ልጃቸውን ይዘው ከተማ ገቡ። ከዚያ ሕይወት የተረፈው ይህ ወረቀት ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት አምጥታው እኔው ራሴ ኮምፒዩተር ላይ ቀዳሁላት። ከሸለቆው ኮረብታ ሁሉ ጋር አስተያየነው፤ ከአንዱም አልገጠመም። የሰውን ሁሉ አያት እርሻ ስታገኝ የገዛ አያቷን አጣች።

ልጇ ግራኝ ነው። ማንኪያውንም እርሳሱንም በግራው ሲይዝ ሰው ሁሉ ወደ ፎቶው እያየ «ቅድመ አያቱን ወጣ!» ይላል። ያኔ የልጁ አያት፣ አባቷ ማለቴ ነው፣ ከተቀመጡበት ቀና ይሉና «አባቴ ግራኝ አልነበረም» ይላሉ። ድሮ በፈገግታ ነበር የሚሉት። የመርሳት ሕመሙ ከጀመራቸው በኋላ ግን በቁጣ ሆነ፤ አንድ ቀን ብርጭቆ ወርውረዋል። ልብስ ሰፊ ሆነው ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ፤ እንዲህ ሲሆኑ ያስፈራሉ። ስለዚህ ቤተሰቡ «እሺ አባባ፣ አልነበረም» ይልና እርስ በርሱ ይተያያል። እኔም ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ብያለሁ፤ በዓይኔም ጠቅሻለሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነው ነገሩ። ቅዝቃዜው በጀመረበት ሰሞን፣ ከምሳ በኋላ፣ ስልኳ ጮኸ። ቀን ቀን አባቷን የምትጠብቅላት ጎረቤቷ ነበረች። ድምፅዋ እኔ ካለሁበት ድረስ ይሰማል።

«አፈር ልሁንልሽ እህቴ፣ አባባ የሉም! ለሰከንድ ነው ዘወር ያልኩት። በሩ ተከፍቷል። ካፖርታቸው እዚሁ ነው፣ ጫማቸውም እዚሁ ነው፣ በነጠላ ጫማ ነው የወጡት!»

ክው አለች። መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶስ?»

ጎረቤቷ ሄዳ አየች። ፎቶውም የለም።

ለፖሊስ ነገርን፤ እነሱ በከተማው መፈለግ ጀመሩ። እኛ በእኔ መኪና አውቶቡስ መናኸሪያ ሄድን፤ መኪናዬ ስትፈልግ የምትነሳ፣ ሳትፈልግ የምትለመን ናት፤ ያን ቀን ግን እግዜር ይስጣት ወዲያው ተነሳች። ቲኬት ቆራጩ ገና ሳንጨርስለት ራሱን ነቀነቀ።

«ዓይኔን ግንባር ያርገው አይቻቸዋለሁ! ፎቶ ያቀፉ ሽማግሌ አይደሉም? የሸለቆው አውቶቡስ ላይ ተሳፍረዋል።»

«በነጠላ ጫማ ናቸው እኮ! ወዴት ነው ብለህ አትጠይቃቸውም?»

«ጠየቅኋቸው። ‘ቤቴ’ አሉኝ። ሰው ቤቴ እየሄድኩ ነው ሲል ምን ይባላል?»

እውነቱን ነው፣ ምንም አይባልም። የአውቶቡሱን ሾፌር በስልክ አገኘነው፤ አዎ፣ አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ ወርደዋል፤ የት እንደሆነ ግን ልብ አላለም። ሸለቆው ረጅም ነው፤ አውቶቡሱ በየመንደሩና በየእርሻው በር ይቆማል። ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር። እሳቸው ቀጭን ሹራብ ነው የለበሱት፤ ሳል አለባቸው፤ መንገድ ዳር ቢቀመጡ ማን ያያቸዋል? ሲመሽስ? የፖሊሱ አዛዥ በደግ አንደበት «ከየት እንጀምር?» አላት።

«ፎቶው» አለችኝ ክንዴን ጨብጣ። «ኮምፒዩተርህ ላይ አለ። ወደዚያ ቦታ ነው የሄደው። ቦታውን ካገኘን እሱን አገኘነው።»

ተመልሰን ፎቶውን ማሽኑ ላይ ከፈትኩት። ፎቶው ላይ ያሉት አያቷ እንደ ልማዳቸው አፈጠጡብን። ዓይናማዋ የሸለቆውን ኮረብታዎች አንድ በአንድ ከጎኑ አስደረደረችኝ። ይሄ? ጫፉ ሾጣጣ ነው። ይሄ? ወንዙ በዚያ በኩል ነው። የፎቶው ኮረብታ በስተግራ ጎበጥ ብሎ በስተቀኝ ረጅም ተዳፋት አለው፤ እንዲህ ያለ ኮረብታ በሸለቆው የለም። ይህን እኮ ከዓመታት በፊትም አውቀነዋል። ሰዓቱን አላየሁም፤ መስኮቱ መጥቆሩን ግን አየሁ። «አንድ ቡና ላምጣልሽ» አልኳት፤ ሰው ሲጨንቀው የሚለው አያጣም። አልሰማችኝም።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሁለታችንም ዘለልን። ጎረቤቷ ነበረች፤ እያለቀሰች።

«አልተገኙም አይደል? የእኔ ጥፋት ነው። ልጅሽ የቤት ሥራውን ሲጽፍ አይቼ ‘ግራኙ፣ ቅድመ አያትህን ወጣህ’ ብዬ ቀለድኩ። አባባ ተቆጡ። ‘አባቴ ግራኝ አልነበረም፣ ማንም አያምነኝም፣ ሄጄ አሳያችኋለሁ’ አሉ። እኔ ደግሞ ‘እሺ አባባ፣ አልነበሩም’ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። እንደ ሁልጊዜው መስሎኝ እኮ ነው!»

ዓይናማዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወደ ስክሪኑ ዞረች። መቀሱን የያዘውን እጅ አየች። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«በሕይወት ካሉት ሰዎች ውስጥ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይህን ሰው በዓይኑ ያየው ማነው?»

«አባትሽ ናቸው» አልኩ።

«እሱ ብቻ ነው። ሌሎቻችን ያየነው ፎቶውን ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ‘አልነበረም’ ይለናል፣ እኛ ‘እሺ’ እንለዋለን።» ጣቷን መቀሱ ላይ አሳረፈች። «ገልብጠው።»

ገባኝ። እኔ ነኝ ያለ የማሽን ሰው አፈርኩ። በመስታወቱ ስንጨቃጨቅ የኖርን ሰዎች፣ ወረቀት ላይ የታተመ ፎቶ ሲሆን አምነን ተቀበልነው። ድሮ ፎቶውን ያጠበው ሰው ወረቀቱ ላይ ሲያትም መስታወቱን ገልብጦ አስተኝቶት ሊሆን እንደሚችል ለአንዳችንም አልመጣልንም። አንድ ጊዜ ተጫንኩ። መቀሱ ቀኝ እጅ ገባ። ጎባጣው ወደ ቀኝ ዞረ፣ ተዳፋቱ ወደ ግራ።

«አውቀዋለሁ» አለች። በእጇ አፏን ያዘች። «አንተም ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። ያን እርሻ ከሌላ ፎቶ ላይ የለየችው እሷ፣ ፎቶውን ያጠራሁላት እኔ ነበርን። እኛ ብንለየውም ከመፍረስ አልዳነም፤ ቤቱም አጥሩም ምድር ቤቱም ተጠርጎ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ተሠራበት።

መንገዱን ሁሉ በዝናብ ሄድን። ለፖሊሶቹ ደውላ ቦታውን ነገረቻቸው፤ ከዚያ ስልኩን ጭኗ ላይ አደረገች። «ባይሆንስ?» አለችኝ።

«ይሆናል።»

«እንዴት አወቅህ?»

«አላወቅሁም። ዝም ብዬ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። «ቦታውን እኔ አገኘሁት እንጂ እሱ ማግኘቱን በምን አውቃለሁ?» አለች። «ሕፃን ሆኖ ነው የወጣው። ሌላ ቦታ ወርዶ ቢሆንስ? ቦይ ውስጥ ወድቆ ቢሆንስ?» ነዳጁን ረገጥኩ። አንድ መታጠፊያ ላይ መኪናዋ አንሸራተተችን።

የገበያ አዳራሹ መኪና ማቆሚያ ስንገባ መብራቶቹ በርተዋል። ሰው ጋሪውን እየገፋ በዝናብ ይሯሯጣል። እሷ መኪናው ሳይቆም ወረደች። «አባባ! አባባ!» እያለች በመኪኖቹ መሀል ሮጠች፤ እኔም በሌላ በኩል። እኔ ነኝ ያየኋቸው። ከማቆሚያው ጫፍ፣ መብራት ከማይደርስበት፣ ቆመዋል። ሹራባቸው ውኃ ጠጥቶ ተንዘላዝሏል። ፎቶውን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል፤ ፊታቸው ወደ ኮረብታው ነው።

ጮኼ ጠራኋት። መጥታ ተጠመጠመችባቸው። ካፖርቷን አውልቃ አለበሰቻቸው፣ እጃቸውን አሸችላቸው፣ ሳመቻቸው፤ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። እኔም ዝናብ አስመስዬ ፊቴን ጠረግሁ።

እሳቸው ግን አልሳቁም። ያዩት ነገር አስፈርቷቸው ነበር።

«ኮረብታው እሱ ነው» አሉ በጣታቸው እያሳዩ። «እይው። እሱ ነው። ቤቱን ማን ወሰደው?»

«እናቴ ውስጥ ነበረች» አሉ። «ቤቱን የወሰዱት ሰዎች እናቴን የት አደረጓት?»

ዓይናማዋ ወደ ኮረብታው አየች። ስንት ዓመት የፈለገችው ኮረብታ ነው፤ እሱ መሆኑን ልክ እንዳባቷ ታውቃለች።

«አይ አባባ» አለች። «ተሳስተህ ነው፣ ይሄ አይደለም። ገና አልደረስንም።»

«አይደለም?»

«አይደለም። ይመሳሰላል እንጂ እሱ አይደለም። ና፣ መኪና አለን።»

ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ። እንደ ልጅ እጃቸውን ሰጧት፤ ወደ መኪናው መጡ።

ከኋላ አብረው ተቀመጡ። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩላቸው። «አባባ፣ ልክ ነበርክ» አለቻቸው። «አባትህ ግራኝ አልነበረም። አላመንንህም፤ ይቅር በለኝ።»

እሳቸው አዝነውላት ዓይን ዓይኗን አዩአት። «ማነው ደግሞ ግራኝ ነበረ ያለው?» አሉ።

ከዚያ በኋላ መብራት ያለበት ግቢ ባለፍን ቁጥር መስኮቱን በመዳፋቸው እየጠረጉ «ይሄ ነው?» ይላሉ። «ገና ነው አባባ።» ትንሽ ቆይተው «ይሄስ?» «ገና ነው።» በመኪናው መስታወት አያታለሁ፤ የሳቸውን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ እኩል በሆነ ለስላሳ ድምፅ ትመልሳለች። ሸለቆው እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

ቤታቸው በር ላይ ስንደርስ ጎረቤቷና ልጇ ውጭ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ልጁ ሊሮጥ ሲል ጎረቤቷ ያዘችው። አባቷን ደግፌ አወረድኳቸው። ይህን ቤት ሲሠሩ ሲሚንቶ ያቦኩት እሳቸው ናቸው፤ ሚስታቸውን የቀበሩት፣ ልጃቸውን የዳሩት ከዚህ ነው። ቆሙና ከደፉ እስከ ጣሪያው ተመለከቱት።

«ይሄ ነው?» አሏት።

መንገድ ሙሉ ያልጠፋት መልስ አሁን ጠፋት።

«እሱ ነው አባባ» አለች በመጨረሻ። «ቤትህ ነው።»

እንደገና አዩት፤ ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ ከጣሪያው በላይ ያለውን ባዶ ሰማይ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይመስለኝም» አሉ። ከዚያ ክንዷን ያዙ። «ግን ብርዱ አንቺንም አንቀጠቀጠሽ። የሰው ቤትም ቢሆን እንግባ።»