አንድ ጥንድ ጉትቻ

ኒቹሄ ቅናቷን ደብቃ አታውቅም። እንዲያውም ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ «ታናሽ እህቴ እኮ የተቀመጠችው በእኔ ዙፋን ላይ ነው!» ትል ነበር። ቻይናን ይገዛ ከነበረው ከማንቹ ነገድ፣ ቤጂንግ ውስጥ ካሉት የወታደር ልጆች በመልክ የሚደርስባት አልነበረም። ታናሿ ሆጆ ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ፊቷ ገበታ የሚያህል ልጅ ነበረች።

ግን የማንቹ ልጅ በየጆሮዋ ሦስት ሦስት ጉትቻ ታንጠለጥላለች፤ አንድ አንድ የሚያደርጉት ቻይናዎቹ ናቸው። ኒቹሄ መርፌ ፈርታ አንድ አንድ ቦታ ብቻ ተበሳች፤ የቀሩትን በክር አስራ አንጠለጠለቻቸው። ለንጉሠ ነገሥቱ ሚስት ልትመረጥ ልጃገረዶቹ የተሰለፉ ዕለት ክሩ ተበጠሰና ጉትቻዋ መራጩ ጃንደረባ እግር ሥር ዱብ አለ።

«ራስሽን የቻይና ነጋዴ ልጅ አደረግሽ እንዴ? ውጪ!» አላት።

ሆጆ ተመረጠች፤ ውሎ አድሮም እቴጌ ሆነች።

ኒቹሄ ኡርጉን የሚባል ቀስተኛ አገባች። ደግ ሰው ነው፤ ጥፋቱ ንጉሥ አለመሆኑ ብቻ። ሴት ልጅ ስትወልድለት፣ ሕፃኗ ገና ጡት ሳትተው ጆሮዋን ሦስት ሦስት ቦታ በሳቻት።

«እኔን ያመለጠኝ ኢልሃን አያመልጣትም፤ እንተያያለን!» አለች።

ኢልሃ ለቤተ መንግሥቱ ምርጫ ስትደርስ፣ የእቴጌይቱ እናት የሆነችው አያቷ ልጇን እንድትጎበኝ ተፈቀደላት። ኒቹሄና ኢልሃም ተከትለው ገቡ። ኒቹሄ ለገዛ ታናሿ ተንበረከከች።

እቴጌይቱ ግን ዓይኗን ከኢልሃ መንቀል አቃታት። አጠገቧ አስቀምጣ በማር የተለወሰ ጣፋጭ በእጇ አጎረሰቻት።

«እትዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ልጄ ከሞተብኝ ወዲህ እዚህ ቤት የኔ የምለው ሰው የለኝም። ኢልሃን ላስመርጣት። እንደ ልጄ አድርጌ አኖራታለሁ።»

«እንደ ፈቃድዎ፣ ግርማዊት ሆይ፣» አለች ኒቹሄ። ዕድሜ ልኳን የለመነችው ይኼንኑ አልነበር? ግን ኢልሃ ወደ አክስቷ ቀና ብላ ስትስቅ አየች። ለእናቷ እንዲያ ስቃላት አታውቅም።

ቤቷ ስትገባ ፈነዳች። «ዙፋኔን ወሰደች፣ ዝም አልኩ!»

«መቼ ነው ደግሞ ዝም ያልሽው?» አለ ኡርጉን።

«አንተ ዝም በል! አሁን ደግሞ ልጄን? የማን ቤት ጠፍቶ የማን ቤት ሊበጅ!»

በምርጫው ጠዋት ኢልሃን ራሷ አለበሰቻት። ከየጆሮዋ ግን ሁለት ሁለቱን ጉትቻ አወለቀችና አንድ አንድ ብቻ ተወችላት።

«እማዬ፣ ሦስት አይደለም እንዴ?»

«ዘንድሮ ደንቡ ተለውጧል። ሂጂ!»

ኢልሃ ምሳ ሳይደርስ ተባርራ እያለቀሰች ተመለሰች። መንደሩም «የእናቷ ልጅ!» እያለ ሳቀ። ኒቹሄ ይሳቁ ብላ ልጇን እቅፍ አድርጋ የበግ ሾርባ አጠጣቻት።

በዓመቱ ኢልሃ ለጎረቤት ልጅ ስትዳር፣ ጃንደረባ ከእቴጌይቱ ዘንድ ትንሽ ሣጥን ይዞ መጣ። መልእክት የለውም። ኒቹሄ ማንም ሳይቀድማት ከፈተችው። ሦስት ጥንድ ጉትቻ የሚቀመጥበት ሣጥን ነው፤ ውስጡ ያለው ግን አንድ ጥንድ ብቻ ነበር።

«አውቃለች!» አለች።

«ምኑን?» አለ ኡርጉን።

«አንድ ቃል ብትናገር እኮ ያንኑ ዕለት ልጄን ወደ ቤተ መንግሥት ታስመልሳት ነበር። አውቃ ተወችልኝ።»

መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና፣ ለራሷ ሳይሆን ለእህቷ አለቀሰች።