ያልተለበሰው ጠገራ ብር

ባለፈው ቅዳሜ መሐል ሜዳ ከተማ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ወጣት ነጋዴ ጠገራ ብር ሲሚንቶው ላይ ጣል አደረገ። ያ ጥርት ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚሞት ድምፅ ጆሮዬ ሲገባ ልቤ ቀየት የሚባለው አገር ደረሰ። ነጋዴው ማጉያ መነጽር ዓይኑ ላይ ተክሎ በስልኩ መብራት እያገላበጠ፣ ይሄ ታሽቷል፣ ይሄ የክር ማስገቢያ ጆሮ ተበይዶለታል፣ ዋጋው ወርዷል ይላል። ሳቄ መጣ። እሱ በመነጽር የሚፈልገውን እኔ በጉብዝናዬ ጊዜ በጆሮዬ ነበር የምሰማው።

ጉራ አይደለም። እሺ፣ ጉራ ነው፤ ግን እውነት ነው። ጠገራ በማወቅ በዚያ አገር የሚስተካከለኝ አልነበረም። ማንም አላስተማረኝም። ገበያ በዋለ ቁጥር ብር ሠሪው ደጃፍ እቀመጥና ከሰሉ እየሸተተኝ፣ የሚመጣውን ብር ሁሉ እያገላበጥኩ ራሴን አስተማርኩ። ብሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ትከሻዋ ላይ ጌጥ አላት፤ ዙሪያው እንደ ጤፍ ቅንጣት ነጠብጣብ ነው። ነጠብጣቡ ሲዳሰስ ጥፍር ከያዘ ብሩ ጤነኛ ነው። ከኋላ ያለው ባለሁለት ራስ አሞራ ደግሞ ላባው መለየት አለበት። ደረጃም አወጣሁላቸው፦ ነጠብጣቡ ሹል የሆነውን ልጃገረድ፣ ለስለስ ያለውን ባለትዳር፣ ፊቱ የጠፋውን መነኩሲት እለው ነበር። ኋላ ኋላ ብር ሠሪው ራሱ ብር ባነሳ ቁጥር “ይቺስ ምንድን ናት?” ይለኝ ጀመር።

ታዲያ ላገባ ሆነ። ልጅቷ የቀየት ልጅ ናት፤ ያሳደጓት ወንድ አያቷ ናቸው። እሳቸው አይሆንም ካሉ ሠርግ የለም። ድሮ ከመርሐቤቴ መንዝ በበቅሎ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸውና ጠገራ ያውቃሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ አውራ ጣታቸው ግን አልደከመም። ለታላቅ እህቷ የመጣውን ጥሎሽ በአንድ ክፉ ብር ምክንያት ከነሳጥኑ መልሰዋል ይባል ነበር።

ይሄን የሰማ ሌላ ሰው ይደነግጣል። እኔ ደስ አለኝ። የሚያውቅ ሰው አገኘሁ አልኩ። እስከ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ወርጄ፣ ስንቱን ብር በጥፍሬ ቧጥጬ፣ በመጨረሻ እንከን የሌላት አንዲት ልጃገረድ አገኘሁ። ጆሮ አስበየድኩላት፣ ጥቁር ክር አገባሁባት፣ ለሚዜዎቼም በዚች ብር ላይ ነቀፌታ የሚያገኝ ሰው አልተወለደም ብዬ ፎከርኩ።

የጥሎሹ ዕለት ዳሱ ውስጥ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል፤ ፀሐዩ በቅጠሉ መሐል እየሾለከ ሰዉ ላይ ይረጫል። የሴቷ ወገኖች እንደ ወጉ ማናናቁን ተያያዙት። አክስቷ ቀሚሱን ወደ ላይ አንስታ ይሄ ለሙሽራዋ ነው ወይስ ለአሻንጉሊት አለች። አጎቷ ጋቢውን ወደ ብርሃን ዘርግቶ ዱቄት ልንነፋበት ነው ወይ ሲል፣ ከኛ በኩል ያሉት ሽማግሌ ቤታችሁ ገለባ ከበዛ ይጠቅማችኋል አሉት። ተሳቀ። ከዚያ ብሩ ወጣ፤ ሳቁም ቆመ።

አያቷ ብሩን ተቀብለው ድንጋይ ላይ አንቃጨሉት። አሸተቱት። በጥፍራቸው ነጠብጣቡን አንድ ባንድ ሄዱበት፤ ገልብጠው አሞራውን ዳሰሱ። ነጠብጣቡ ሙሉ ነው፣ ላባውም ደህና ነው አሉ። ደረቴ ተነፋ።

“ግን ማን ለበሰው?” አሉ። “የናቴ ብር ላብ የጠገበ፣ ቅቤ የጠጣ ነበር። ይሄ ትናንት የተፈለፈለ ጫጩት ነው። ልጄ አንገት ላይ አይወጣም።”

ብሩን ወደኛ ገፉት። ሽማግሌዎቻችን እርስ በርስ ተያዩ። አክስቷ ቀሚሱን አጥፋ ወደ ሳጥኑ ትመልስ ጀመር። በጥሎሽ ላይ ሙሽራ አይናገርም። ሚዜዬ ይሄን አውቆ ጭኔን ጨመቀኝ። ግን እኔ ነኝ እንግዲህ፤ አፌ መቼ ጠይቆኝ ያውቃል?

“አባባ፣ አስቤበት ነው” አልኳቸው። “በሌላ ሴት አንገት ያለቀ ብር አላመጣላትም። እሷ ትልበሰው፣ እሷ ትጨርሰው።”

 አያቷ ጆሯቸውን ወደ ድምፄ መለስ አደረጉና ማን ነው ይሄ አሉ። ሙሽራው ነው አሏቸው።

“አፉስ ጤነኛ ነው” አሉ፤ “ሌላውን እንጃ።”

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አክስቷም ቀሚሱን መልሳ አወጣችው። እሳቸው ግን አልጨረሱም። ነጠብጣቡ ጥፍሬን መያዝ ያቆመ ቀን ልጄን ሰጥቼሃለሁ፣ እስከዚያ ግን አውሼሃለሁ አሉኝ።

የቀልድ መስሎኝ ነበር። በየፋሲካው ቀየት ስንሄድ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ይጠሯታል። አጎንብሳ አንገቷን ትሰጣቸዋለች፤ ብሩን ይዳስሱና ገና ነው፣ የውሰት ናት ይሉኛል። ልጆች ስንወልድ ደግሞ፣ የውሰት ላም የወለደችው ጥጃ የማን ነው ብለው ጎረቤቱን ሁሉ ይጠይቁ ነበር። እኔም ሚስትህ እንዴት ናት ለሚለኝ ሁሉ የሰው ንብረት ስለሆነች በጥንቃቄ ይዣታለሁ እላለሁ። እስካሁንም እንደዚያ ነው የያዝኳት፤ እሷን ጠይቋት።

በመጨረሻ የሄድን ጊዜ አያቷ አልጋ ላይ ነበሩ። ከሰዓት ነው፤ በበሩ የገባው ብርሃን ብርድ ልብሳቸው ላይ ተኝቷል፤ ውጭ በጎች ይጮሃሉ። ባለቤቴ እንደ ልማዷ አጎነበሰችላቸው። ጣታቸው ብሩን እስኪያገኘው ቆየ። ሳዝን ቀልድ ነው የሚመጣብኝ፤ አባባ፣ ሞረድ ላምጣና ዛሬ እንጨርሰው ወይ አልኳቸው።

“አንተ ምን አስቸኮለህ?” አሉኝ። “የምቸኩለውስ እኔ ነኝ።”

ጥፍራቸውን ነጠብጣቡ ላይ ወሰድ መለስ አደረጉት።

“አይይዝም” አሉ። “አልቋል። ሰጥቼሃለሁ።”

አላለቀም ነበር። ለስለስ ብሏል እንጂ ነጠብጣቡ ሁሉም እንደቆመ ነው፤ ይሄን ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጥፍራቸው ደንዝዞ ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ አልጠየቅኳቸውም። እግዜር ይስጥልኝ አባባ ብቻ አልኩ።

እሳቸውም ብሩን እንደጨበጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ክሩ አንገቷ ላይ ነው። ጣታቸውን ላላቅቅ ብድግ ስል በዓይኗ ከለከለችኝ። እዚያው አልጋው ላይ እንዳጎነበሰች፣ ጸጉሯ ትከሻቸውን እየነካ፣ እስኪነቁ ጠበቀች።